«ዘአብ» የሚባለው ብርቅ ስም ከየት መጣ?

በዚህ ዓምድ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ለሚቀርቡልን ጥያቄዎች ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአበው ትምህርት ባገኘነው መጠን መልስ ስንሰጥ ቈይተናል። በዚህ ወር የመረጥነው ጥያቄ በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩ አንድ አባት የደረሰን ነው። ነገሩ ሲታይ የአንድ ቤት ጕዳይ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ልጆቹን በውጭ አገር የሚያሳድገውንም፣ በአገር ቤት ሆኖ ዘመዶቹን የሸኘውንም ሁሉ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ሙሉውን ዓምድ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጠያቂያችን እንደ ጻፉልን፣ የአባታቸው ስም ጸጋ ዘአብ ነበረ። እርሳቸው ወደዚያ አገር በገቡ ጊዜ ወረቀታቸውን የተቀበለው ጸሓፊ «ጸጋ» በሚለውና «ዘአብ» በሚለው ቃል መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አይቶ አንዱን ስም ሁለት አድርጎ መዘገበው። «ጸጋ» የመካከለኛ ስም ተባለ፤ «ዘአብ» የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት፣ ባለቤታቸው በሐኪም ቤት፣ እርሳቸውም በሥራ ቦታ የሚጠሩት «ዘአብ» እየተባሉ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጃቸው፣ መምህርቷ «እያንዳንዳችሁ የቤተ ሰባችሁን ስም ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ» ብላ ባዘዘች ጊዜ ሦስት ጥያቄ አቀረበችላቸው። ስማችን ከየት መጣ? ትርጓሜው ምንድን ነው? በዚህ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ? አባትየውም ታሪኩን እንደ ሆነው በነገሯት ጊዜ ልጅቱ አዝና፣ «እንግዲያውስ ስማችን በስሕተት የተሠራ ነዋ! ለምን አንለውጠውም?» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልለውጠውን ወይስ ልተወው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ለአባትየው ምክር ከመስጠታችን በፊት የልጅቱን ሦስት ጥያቄዎች በተራ እንመልሳለን፤ ምክሩ የሚገኘው ከዚያ ውስጥ ነውና።

አስቀድሞ ስለ ትርጓሜው እንናገር። «ጸጋ» የግእዝ ቃል ነው፤ «ጸገወ» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ጸገወ ማለት ሰጠ፣ ለገሰ፣ ያለ ዋጋ አደለ ማለት ነው። ስለዚህ ጸጋ የምንለው ደመወዝ ወይም ብድራት አይደለም፤ ሰጪው ወድዶ የሰጠው ሀብት ነው። «ዘ» የሚለው ፊደል በአማርኛ «የ» እንደምንለው ነው፤ «አብ» ከሥሉስ ቅዱስ አንዱ አካል፣ የወልድ አባት፣ የመንፈስ ቅዱስ አሥራጺ ነው። ሦስቱ ሲገጣጠሙ «ጸጋ ዘአብ» የአብ ጸጋ፣ አብ በቸርነቱ የሰጠው ስጦታ ማለት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሳይወልድ የቈየ ቤት ልጅ ባገኘ ጊዜ፣ ወይም ከሞት የተረፈ ሕፃን ባደገ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ቢያወጣ የሚያስደንቅ አይደለም። በሌላ ቋንቋም ወንድሞች አሉት። ቴዎድሮስ በጽርእ፣ ማቴዎስም በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ናቸው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የምንላቸውም ከዚህ ሐሳብ የራቁ አይደሉም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግእዝ ሁለት ስሞችን የሚያዛምድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የመጀመሪያውን ስም መድረሻ ፊደል ለውጦ ከሁለተኛው ጋራ ማናበብ ነው። «ገብር» በሳድስ ሲያልቅ አገልጋይ ማለት ነው፤ «ገብረ» ብሎ በግዕዝ ሲያልቅ ግን የእገሌ አገልጋይ ማለት ስለሆነ፣ ባለቤቱን ሳይጠራ ሊቆም አይችልም። ወልድ ወልደ፣ ወለት ወለተ፣ ኃይል ኃይለ፣ ተክል ተክለ የሚሆነውም በዚሁ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ቢመስልም ትርጓሜውን ይለውጣል። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። ያንኑ ሰው «ገብረ ኄር» ብሎ ቢጽፈው ግን የበጎው አገልጋይ ማለት ይሆናል፤ በጎ የተባለው አገልጋዩ መሆኑ ቀርቶ ጌታው ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ «ዘ»ን በመካከል ማስገባት ነው፤ ጸጋ ዘአብ የተባለው በዚህኛው መንገድ ነው።

ይህን የሰዋስው ነገር ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስማችን በባዕድ አገር መዝገብ ሲቈረጥ የሚደርሰው ጕዳት እንደ አሠራሩ ይለያያል። ገብረ ሥላሴ የተባለ ሰው ተቈርጦ «አቶ ገብረ» ሲባል፣ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ነገሩ በእንጥልጥል ይቀራል፤ «አቶ ሥላሴ» ሲባል ደግሞ ሰው በፈጣሪው ስም ብቻ ተጠራ ማለት ነው፤ ይህንንም ክርስቲያን ሲሰማው ይከብደዋል። «ዘአብ» ግን ቢቈረጥም አልሞተም። ራሱን ችሎ የአብ የሆነ፣ ለአብ የተሰጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም በአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1603 እስከ 1604 የነገሡት ዐፄ ዘድንግል ስማቸው የድንግል የሆነ ማለት ነው፤ ዘሚካኤል፣ ዘማርያም፣ ዘመንፈስ ቅዱስ የሚባሉ ወገኖችም በየአጥቢያው አሉ። እንግዲህ ለልጅቱ እንዲህ ተብሎ ይነገራት። ጸሓፊው ስጦታውን ቈርጦ ጣለ፤ የሰጪው ስም ግን በእጅሽ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከየት መጣ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስም የሚያውቀው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን አባት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በሸዋ ይኖር የነበረው ካህኑ ጸጋ ዘአብና ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ልጅ ሳያገኙ ብዙ ዘመን በጸሎትና በምጽዋት እንደ ኖሩ ገድሉ ይነግረናል። እግዚእ ኀረያ ማለት ጌታ መረጣት ማለት ነው፤ እንደ ጸጋ ዘአብ ሁለት ቃል ሆኖ ሳለ አንድ ሙሉ ነገር የሚናገር ስም ነው። የተወለደውን ሕፃን በመጀመሪያ ፍሥሐ ጽዮን፣ የጽዮን ደስታ አሉት፤ ኋላ ተክለ ሃይማኖት፣ የሃይማኖት ተክል ተባለ። ልደቱንም ታኅሣሥ 24 ቀን እናከብራለን። በአንድ ቤት ያሉትን አራት ስሞች ተራ በተራ ብናነባቸው፣ አብ የሰጠው፣ ጌታ የመረጣት፣ ለጽዮን ደስታ የሆነ፣ ለሃይማኖት የተተከለ ብለን የቤቱን ታሪክ አነበብን ማለት ነው። የቀድሞ ሰዎች ስም ሲያወጡ መጥሪያ ብቻ አይፈልጉም ነበር፤ ምስክርነትም ይጽፉ ነበር።

ይህ ስም በአውሮጳ ምድር ሲቈራረጥና ሲጣመም ደግሞ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1526 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጸጋ ዘአብ የሚባል መነኵሴ የራሳቸው መልእክተኛ አድርገው ላኩ። በ1527 ሊዝቦን ደርሶ በንጉሥ ዮሐንስ ሣልሳዊ ዘንድ ቀረበ፤ ተልእኮውን ፈጽሞ ይመለሳል ሲባል ብዙ ዓመታት በዚያው ቈየ። የአገሩ መምህራን ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ጾም እየጠየቁ ስለ ተከራከሩት፣ ከቍርባናቸውም ስለ ከለከሉት፣ የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚገልጥ ጽሑፍ አዘጋጀ። ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የሚባለው የፖርቱጋል ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ከተማ አሳተመው። መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ቢከለከልም በሌላው አውሮጳ ተነበበ። የጸሓፊው ስም ግን በላቲኑ መጻሕፍት «ዛጋዛቦ» ተብሎ ቀረ። ጸጋ ዘአብን በዛጋዛቦ ውስጥ ለይቶ የሚያውቅ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው ስሙን ቢያበላሹበትም የመጣበትን አልረሳም፤ እንግዶች ስለ እናት ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠይቁት አፍሮ ዝም አላለም። በባዕድ ትምህርት ቤት የቤተ ሰብሽን ስም ታሪክ ጽፈሽ አምጪ የተባለችው ልጅ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚያው ስም የሚጠራ ኢትዮጵያዊ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት እንደ መለሰ ብታውቅ መልካም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ብዛቱ ነው። ጸጋ ዘአብ የተባለ ሰው በአገር ቤት አይታጣም፤ እንደ ገብረ ማርያምና እንደ ወልደ ጊዮርጊስ ግን የበዛ አይደለም። «ዘአብ» የሚል የቤተ ሰብ ስም ግን ከዚያም የበለጠ ጥቂት መሆኑ ግድ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በዓለም ያለውን የስም ሥርዓት ማስተያየት ያስፈልጋል።

በብዙ አገሮች የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። እንዲህ በሆነበት አገር ጥቂቶቹ ስሞች እየሰፉ ሌሎቹ እየጠፉ ይሄዳሉ። ወንድ ልጅ ያልወለደ ሰው ስሙ ከእርሱ ጋራ ያበቃልና። ይህን ነገር ጎልተንና ዋትሰን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1874 በሒሳብ መርምረው አሳይተዋል። በደቡብ ኮርያ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል «ኪም» ይባላል። በቱርክ አገር ደግሞ ሕዝቡ እንደ እኛ በራሱና በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ በ1934 በወጣ ሕግ ሁሉም የቤተ ሰብ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። አይስላንድ የምትባለው የሰሜን ደሴት ግን እስከ ዛሬ የአባትን ስም ሥርዓት ጠብቃለች፤ አዲስ የቤተ ሰብ ስም ማውጣትን በ1925 በሕግ ከለከለች፤ የስልክ መዝገቧም ይደረደር የነበረው በየሰው የራስ ስም ነው። ይህ የአባት ስም ሥርዓት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ይሆናል።

የእኛ ልማድ የራስን ስም አስቀድሞ የአባትን ማስከተል ነው፤ ቢያስፈልግ የአያት ይጨመራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ከአባቶቹ ልማድ አልወጣም። ልማዱም የመጽሐፍ ቅዱስ ልማድ ነው። ጌታችን ጴጥሮስን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የዮና ልጅ ስምዖን ብሎ ጠርቶታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈው ዕውር በርጤሜዎስ ስሙ ራሱ የጤሜዎስ ልጅ ማለት ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ ዘመዶችም ሕፃኑን በአባቱ በዘካርያስ ስም ሊጠሩት በወደዱ ጊዜ፣ እናቱ ኤልሳቤጥ እንቢ ማለቷን፣ እነርሱም ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው መከራከራቸውን ሉቃስ በምዕራፍ 1 ጽፎታል። እንግዲህ ብርቅ ስም ይዞ መገኘት ከመጥምቁ ጋራ የሚያስቈጥር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

በዚህ ልማድ አንድ ስም በአንድ ቤት ከሦስት ትውልድ በላይ አይቈይም። ለምሳሌ ጸጋ ዘአብ የተባለው አያት አምስት ልጆች ቢወልድ፣ እያንዳንዳቸውም አራት አራት ቢወልዱ፣ ሃያ የልጅ ልጆች ይኖሩታል። በአገር ቤት ያሉት የልጅ ልጆች የሚጠሩት በየአባታቸው ስም ነው፤ የእነርሱ ልጆች ደግሞ የጸጋ ዘአብን ስም ጨርሶ አይዙም። «ዘአብ» የሚለው ቍራጭ የሚገኘው ከእነዚህ መካከል ወደ ውጭ በሄዱት፣ ከእነዚያም መካከል ስማቸው በተቈረጠው ላይ ብቻ ነው። ከሌላ ጸጋ ዘአብ የተወለደ ሰው በሌላ ከተማ እንዲሁ ቢቈረጥበት እርሱም «ዘአብ» ይባላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች የሥጋ ዘመዶች አይደሉም። ስሙ ብርቅ የሆነው እንግዲህ ወገኑ ስላነሰ አይደለም። የልጅቱ አጐቶችና አክስቶች፣ የአጐቶቿም ልጆች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሌላ ስም ስለሚጠሩ ግን በመዝገብ አይታዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ስም መቈረጡ ራሱ የሚያመጣው ጕዳት ትንሽ ነው፤ የሚያስፈራው ቤተ ሰቡ በተቈረጠው ስም ረክቶ ትውልዱን መቍጠር ሲተው የሚመጣው ነው። በአንድ እናት አባት ልጆች መካከል እንኳ፣ አንዱ በገባበት አገር የአባቱ ስም፣ ሌላው የአያቱ ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይጻፍበታል። በወረቀት ሲታዩ ባዕድ ናቸው። የእነርሱ ልጆች አድገው በሦስተኛ አገር ቢገናኙ፣ አንዱ «ዘአብ»፣ ሌላይቱ በሌላ ስም ስለሚጠሩ መዛመዳቸውን በምን ያውቃሉ? በሕዝባችን ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚደርስ ዝምድና ጋብቻን እንደሚከለክል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካህኑ ለጋብቻ የመጡትን ትውልዳችሁን ቍጠሩ ሲላቸው፣ የፓስፖርት ስም መልስ አይሆንም።

የቤተ ሰብ ስም ያላቸው አገሮችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እያጠፍን ስንወጣ በሰባተኛው ቤት 128 ይሆናሉ። የቤተ ሰብ ስም የሚነግረን ከእነዚህ የአንዱን መሥመር ብቻ ነው። የእናት ወገን፣ የአያት እናት ወገን ሁሉ ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ ስሙ ቢቀናም ባይቀናም፣ ትውልድን የሚጠብቀው የተጻፈና ለልጅ የተነገረ ቍጥር ነው።

መጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2 ስለዚህ ነገር ከባድ ታሪክ ያሳየናል። እስራኤል ከባቢሎን ምርኮ ሲመለሱ፣ ከካህናት ወገን ነን የሚሉ አንዳንድ ቤቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የገለዓዳዊውን የቤርዜሊን ልጅ አግብቶ በሚስቱ ወገን ስም ተጠርቶ ነበር። የትውልዳቸውን መዝገብ ፈለጉ፤ አላገኙትም፤ ስለዚህም ከክህነት አገልግሎት ተለዩ። አስተውሉ፤ በሌላ ስም መጠራታቸው ብቻውን አላስፈረደባቸውም፤ ያስፈረደባቸው መዝገብ ማጣታቸው ነው። ስደት ስምን መለወጡ የቈየ ነገር ነው፤ መዝገቡን ማጥፋት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። የሚኖሩበት አገር ሕግ ስምን ማረም የሚፈቅድ ከሆነ፣ ወጪውም ቤቱን የማይጐዳ ከሆነ፣ ስሙን ሙሉ አድርገው በመካከሉ ክፍት ቦታ ሳይተዉ «ጸጋዘአብ» ብለው አንድ ላይ ቢያጽፉት መልካም ነው። በግእዝ ሥርዓት ሁለት ቃል ቢሆንም፣ በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ማጋጠሙ ከመቈረጥ ያድነዋል። ማረሙንም ለሁሉም የቤት ልጆች በአንድ ጊዜ ያድርጉት፤ ታላቁ በአንድ፣ ታናሹ በሌላ ስም እንዳይጠራ። ገና ወረቀት ያላወጣችሁ፣ ልጅ ለማስመዝገብ የተዘጋጃችሁ አንባብያንም ገብረማርያም፣ ወልደሚካኤል፣ ኃይለሥላሴ ብላችሁ በባዕዱ ፊደል አንድ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው አስጽፉ።

ሕጉ የማይፈቅድ፣ ወይም የትምህርትና የሥራ ወረቀት ሁሉ በቀድሞው ስም የተያዘ ከሆነ ግን፣ «ዘአብ» ብለው ቢኖሩ ነውር የለበትም። የአብ የሆነ ተብሎ መጠራት ለክርስቲያን ከክብር በላይ ክብር ነው። አንድ ነገር ግን እንለምናቸዋለን። ልጅቱ ስሜ ስሕተት ነው ብላ እንዳታምን ይጠንቀቁ። ልጅ በስሙ ካፈረ ቀስ በቀስ በአያቱ፣ በቋንቋው፣ በመጨረሻም በሃይማኖቱ ያፍራል። ስሙን ሲጠሩበት የሚስቁበት ልጅ ወላጁ ትርጓሜውን ካልነገረው ሌላ ቀላል ስም ለራሱ ያወጣል፤ ወላጅም እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው።

የቤት መዝገብን ነገር ግን ስሙ ቢታረምም ባይታረምም ለነገ አያሳድሩት። ከገበያ የሚገዛ አንድ ደብተር ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ የአባትን ወገን፣ በሁለተኛው የእናትን ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ ማስታወስ እስከ ተቻለው ድረስ ይጻፍ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የትውልድ አገሩ፣ ያገባው ሰው፣ የወለዳቸው ልጆች፣ ወደ ውጭ የሄደም ከሆነ በዚያ አገር የሚጠራበት ስም ይመዝገብ። አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ አንድ አያት ሲያርፍ ማንም ያልጻፋቸው ስሞች አብረው ይቀበራሉና። በአገር ቤት ያሉ እኅቶችና ወንድሞችም በስልክ ተጠይቀው ይርዱ። ይህ ሥራ ለልጆች ቢሰጥ ደግሞ ይወድዱታል፤ ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ የደብተሩ ጸሓፊ ብትሆን፣ መምህርቷ ያዘዘቻት ሥራ ለቤቱ ሁሉ ጥቅም ይሆናል።

በደብተሩ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ግን እያንዳንዱ ሰው በዐርባና በሰማንያ ቀኑ የተቀበለው የክርስትና ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓለም መዝገብ የተጻፈውን የቤተ ሰብ ስም አትጠራም። ስንቈርብ፣ ስንታመም ጸሎት ሲደረግልን፣ ስናርፍም ፍትሐት ሲደርስልን የምንጠራው በዚያ ስም ነው። ዛሬ በስደት አገር ብቻ ሳይሆን በአገር ቤትም ሟች ቀርቦ ካህኑ የክርስትና ስሙ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ቤተ ሰብ እርስ በርሱ የሚተያይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሚስት የባልዋን፣ ልጅ የአባቱን የክርስትና ስም ሳያውቅ መቅረቱ ያሳዝናል። ወልደ ገብርኤል ይሁን ኃይለ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን ትሁን አመተ ሚካኤል፣ ይህን ስም ቈርጦ የሚጥል ጸሓፊ የለም፤ የሚጠፋው በእኛ ዝንጋታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት በቤታችሁ ያሉትን ሁሉ የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ። የምታውቁትን ዛሬውኑ ጻፉ፤ የማታውቁትን ከክርስትና አባትና እናት፣ ወይም ከነፍስ አባታችሁ ጠይቃችሁ አስገቡ። በሚቀጥለው ወር ስለ ክርስትና አባትና እናት ግዴታ የቀረበልንን ጥያቄ ይዘን እንመለሳለን። የአብ ጸጋ፣ የወልድ ቸርነት፣ የመንፈስ ቅዱስም አንድነት በየቤታችሁ ይደር፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር።